ለተሽከርካሪ ምዝገባ ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ፦ ሲሲ የሌለውን መኪና ሲሲ አትጠይቁት

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው ተሽከርካሪ ምዝገባ ላይ ለምትወስኑ ኃላፊዎች ሁሉ ነው፣ በፌዴራልም በከተማም በክልልም ላላችሁ። የትኛውንም ቅርንጫፍ ወይ ሰራተኛ ለመክሰስ አይደለም፣ የማንንም ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም መስኮት ላይ ያገኘኋቸው ልጆች ጨዋዎች ናቸው፣ እነሱም እንደኛው ተቸግረዋል። ችግሩ ፎርሙ ነው፣ ከፎርሙ ጀርባ ያለው ሲስተም ነው። ሁለቱም የተሰሩት ሲሲ፣ ማለትም የሲሊንደር ይዘት፣ ላለው ለቤንዚንና ለናፍጣ መኪና ነው፣ እኛ ደሞ አሁን የምናስገባው የኤሌክትሪክ መኪና ነው።

ከጥር 2016 ጀምሮ ነገሩ ተቀይሯል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ ውጪ ያለ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ መወሰኑን ለፓርላማ የተናገሩት ያኔ ነው። ከዛ በፊትም በ2014 ገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከቫት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጎ ጉምሩኩንም ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 ፐርሰንት፣ በከፊል ተበትኖ ለሚመጣው 5፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ዜሮ ብሎታል። እኔ ውሳኔውን እደግፋለሁ፣ ከልቤ ነው የምለው። ነዳጅ በዶላር ነው የምንገዛው፣ መብራቱ ግን የራሳችን ውሃ ነው፣ የህዳሴ ግድብም 5150 ሜጋዋት ይዞ ጳጉሜ 2017 ላይ ተመርቋል። ስለዚ መንግስት ኤሌክትሪክ ግዙ ሲለን አምነን ገዛን። ያመንነው ግን መኪናው ወደብ ላይ ሲደርስ እንደሚያልቅ አድርገን አይደለም፣ ሰሌዳው ተለጥፎ ሊብሬው እጃችን እስኪገባ ድረስ ያለው መንገድም አብሮ ይስተካከላል ብለን ነው።

የኛን ልንገራችሁ። ወንድሜ ለብዙ ዓመት በሰው ላዳ ሲሰራ የኖረ ሰው ነው፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ ለባለቤቱ ገቢ ያደርጋል፣ የቀረችውን ለልጆቹ ይዞ ይገባል። ዕቁብ ደረሰኝ፣ እህታችን ከዱባይ ጨመረችበት፣ የጎደለውን ባንክ አበደረንና አንድ ቢዋይዲ ሲጋል ገዛን፣ ትንሿን ማለቴ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ አሁን በየመንገዱ የምታዩዋትን። ኮድ 3፣ የንግድ ሰሌዳውን፣ አውጥቶ በሜትር ታክሲ አፕ ሊሰራባት ነው። መኪናዋ ስትመጣ ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ አየ፣ እናታችን ቡና አፈላች፣ በቃ አለቀልን አልን። የጉምሩክ ዴክላራሲዮኑ አለ፣ የሽያጭ ውሉ አለ፣ ቲን ቁጥር አለ፣ ፋይዳ አለ፣ ሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስም በአዋጅ 799/2005 መሰረት ተገዝቷል። ምን ቀረ?

የቀረው የሞተር ችሎታ በሲሲ የሚለው ሳጥን ነበር።

ሊብሬ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የነዳጅ ዓይነት፣ የሲሊንደር ብዛት፣ የፈረስ ጉልበት፣ ሲሲ እያለ ይወርዳል። መስኮት ላይ ያለው ልጅ ዴክላራሲዮኑን እያየ ይሞላል፣ ሲሲ ጋ ሲደርስ ዜሮ አለ፣ ሲስተሙ ቀይ አወጣ። ሲሊንደር ጋ ዜሮ አለ፣ አሁንም ቀይ። ባዶ ሊተወው ሞከረ፣ አልፎ አልሄድ አለው። «እህቴ ዜሮ አይቀበልም፣ ባዶም አይቀበልም፣ ከአስመጪው ሲሲ የለውም የሚል ደብዳቤ አምጪና ለኃላፊ አሳዪ» አለኝ። ደብዳቤውን አመጣን። ደብዳቤው ሲመጣ ኃላፊው ስብሰባ ነበሩ፣ ሌላ ቀን ሲገኙ ደብዳቤው ማህተሙ ሙሉ አይነበብም ተባለ፣ ማህተሙ ሲስተካከል ደሞ ሲስተም የለም ተባለ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሄደ። መኪና ሲሲ የለውም የሚል ደብዳቤ! የኤሌክትሪክ ሞተር ሲሊንደር እንደሌለው እኮ ማንም መካኒክ ያውቃል፣ እናንተም ታውቃላችሁ፣ ሲስተሙ ብቻ ነው የማያውቀው፣ ሲስተሙ ባለማወቁ ደሞ ማስረጃ አምጪ የተባልኩት እኔ ነኝ።

ሲሲ ለምን እንደሚጠየቅ ይገባኛል። ሲሲ ማለት ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለው ይዘት ነው፣ መንግስትም ታክስ የሚያስከፍለው በሱ እየለካ ነበር። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ 1186 አዲስ አውቶሞቢልን እስከ 1300 ሲሲ 5 ፐርሰንት፣ ከዛ እስከ 1800 ድረስ 60፣ ከ1800 በላይ 100 ፐርሰንት ይል ነበር። ስለዚ ሲሲውን በትክክል መያዝ የግድ ነበር፣ አንድ ቁጥር ብታሳስት ልዩነቱ በመቶ ሺዎች ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ከኤክሳይሱ ነጻ ተብሎ የገባ ነው፣ ሲሲው ዜሮም ተባለ ምንም ተባለ ምንም የሚቀይረው ነገር የለም። ያ ሳጥን ለዚህ መኪና ስራው አልቋል፣ እኛ ግን አሁንም እሱ ፊት ቆመናል።

የሞተር ቁጥሩ ሌላ ጣጣ ነው። በቤንዚን መኪና መርማሪው ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪ አብርቶ ጨርቅ ይዞ ጠረግ ያደርግና ያነባል፣ አለቀ። የኛን ኮፈን ሲከፍት የሚታየው የፕላስቲክ ክዳን፣ የውሃ ጋኖች፣ ትንሿ 12 ቮልት ባትሪና ብርቱካናማ ወፍራም ኬብሎች ናቸው፣ ሞተሩ ከስር ነው ያለው። መርማሪው ልጅ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ስልኩን አብርቶ እጁን ሊሰድ ሲል ብርቱካናማዎቹን አይቶ እጁን ሰበሰበ፣ ልክ ነው የሰበሰበው፣ እነሱ ውስጥ የሚሄደው ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ነው፣ ማንም ይሄን ልንካው ወይስ አልንካው ብሎ የሚያየው ወረቀት አልሰጠውም፣ ጓንትም የለውም። ከዛ ጋራዥ ወስዳችሁ የስሩን ፕላስቲክ አስፈትታችሁ ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ኑ ተባልን። ጋራዥ ሄድን፣ መኪናዋ ተሰቀለች፣ የስሯ ሽፋን ተፈታ፣ ወንድሜ መሬት ተኝቶ ፎቶ አነሳ፣ ቁጥሩ ከዴክላራሲዮኑ ጋር አንድ ነው። አዲስ መኪና ገና ሰሌዳ ሳይለጠፍላት ብሎኗ ተፈታ ማለት ነው፣ ዋስትናው ላይ ነገ ጥያቄ ቢመጣ ማን ይመልሳል?

17 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር መስታወቱ ስር ተጽፎ በግልጽ ይታያል፣ አካሉ ላይም ተመትቷል። መኪናን ከመኪና የሚለየው እሱ ነው። የሞተር ቁጥሩን ከፋብሪካው ሰነድና ከጉምሩክ መረጃ መውሰድ እየተቻለ ማስፈታት ምን ይጨምራል? ከተጠራጠራችሁ፣ የተነካካ ወይ የተጋጨ መኪና ከሆነ፣ እሺ ይፈታ፣ ግን እሱም በሰለጠነ ሰውና በመሳሪያ ይሁን።

መጠበቁ ምን እንደሚያስከፍል ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም መስሪያ ቤት ውስጥ ሆኖ ሲታይ ወረቀት ዘገየ ነው የሚባለው። ባንኩ ብድሩን የለቀቀው ሊብሬው ላይ እግድ ተመዝግቦ እንዲመለስለት ነው፣ ሊብሬው ሲዘገይ በየጊዜው ይደውላል፣ ወለዱ ደሞ ሊብሬ አይጠብቅም፣ ይቆጥራል። ወንድሜ ላዳውን አስረክቧል፣ አዲሷን መስራት አይችልም፣ ምክንያቱም ተላላፊ ሰሌዳ ለስራ አይደለም፣ ትራፊክ ቢይዘው ልክ ነው የሚይዘው፣ አፑም ያለ ሊብሬ አይመዘግበውም። ቤት ውስጥ ሚስቱ ምንም አትለውም፣ እሱ ነው ዝም ብሎ ግቢ ወጥቶ መኪናዋን የሚወለውላት። ሰው ሰርቶ መብላት እየቻለ ሲቀመጥ ማየት አንጀት ይበላል።

መኪናዋም በቆመችበት ትጎዳለች። ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ቢቀመጥም በሩን የሚከፍተው፣ ስክሪኑን የሚያበራው፣ ዋናውን ሲስተም የሚያስነሳው 12 ቮልቷ ባትሪ ነው፣ እሷ ካለቀች መኪናው እንጨት ነው። ጎረቤታችን አንድ ሰው ወረቀት ሲጠብቅ ቆሞበት ጠዋት ሲመጣ ሪሞቱ አልሰራም፣ ከሪሞቱ ውስጥ የምትወጣውን የብረት ቁልፍ እስኪያገኝ ግማሽ ቀን ሄደ። እዛው ወደብ ላይና መጋዘን ውስጥ ወራት የቆዩት ምን ያህል እንደሚጎዱ አስቡት፣ የሊቲየም ባትሪ እኮ ባዶ ሆኖ ብዙ ሲቀመጥ አቅሙ ይጎዳል፣ በዶላር የተገዛ ንብረት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። የማትጠይቁት ነገር ከምትጠይቁት በላይ ያሳስበኛል። ሲጋል ሁለት ዓይነት ባትሪ አላት፣ አንዷ 30.08 ኪሎዋት ሰዓት ነው ሌላዋ 38.88፣ በቻይኖቹ መለኪያ አንዷ 305 ሌላዋ 405 ኪሎሜትር ትሄዳለች ይባላል፣ ከውጪ ሲታዩ ግን አንድ ናቸው፣ ሞተራቸውም ያው 55 ኪሎዋት ነው፣ 75 ፈረስ ጉልበት ገደማ። ዋጋቸው ይለያያል። ሊብሬው ላይ ግን ሲጋል ይላል፣ ሲሲ ምናምን ይላል፣ ባትሪው ስንት እንደሆነ የሚል አንድ ቃል የለም! ነገ አንድ ሰው ያለ የሌለውን አሟጦ ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ ትልቁ ባትሪ ነው ብሎ ትንሹን ቢሸጡለት በምን ይከራከራል? ፍርድ ቤት ምን ይዞ ይሄዳል? ባትሪው የመኪናው ውድ እቃ ነው፣ ተቀይሮ አሮጌ ቢገጠምለትስ? በቤንዚን መኪና ሞተር ሲቀየር ማስመዝገብ ግዴታ ነው፣ ሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ያለውም ለዛ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ቁጥር ግን ሊብሬው ላይ የለም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ሲወጣ ይሄ ሁሉ መኪና ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም፣ አልፈርድም፣ አሁን ግን መጥቷል፣ መንግስት ራሱ ከ100 ሺህ በላይ ገብቷል እያለ ነው።

ስለዚ ሲሲ በሚለው ቦታ የሞተር ኃይል በኪሎዋት ይግባ፣ ሲሊንደር በሚለው ቦታ የባትሪው መጠን በኪሎዋት ሰዓት፣ ዓይነቱና መለያ ቁጥሩ ይግባ። ለሞተር እንደሚደረገው ባትሪ ሲቀየርም ይመዝገብ። የቻርጅ ሶኬቱ ዓይነትም ቢጻፍ ጥሩ ነበር፣ ለቻይና ገበያ የተሰራው ጂቢቲ ነው፣ ለአውሮፓ የተሰራው ሲሲኤስ ነው፣ ገዢው ሳያውቅ ገዝቶ ቻርጀር ፍለጋ የሚንከራተት ብዙ ነው። ይሄኛው ቢቀር ግን አልጣላም።

ሰሌዳው ላይም አንድ ነገር አለ። ኖርዌይ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ሰሌዳ እንደ ኢኤልና ኢኬ ባሉ ፊደሎች ነው የሚጀምረው፣ ጀርመን ሰሌዳው መጨረሻ ላይ ኢ ትጨመራለች፣ እንግሊዝ ጎኑ ላይ አረንጓዴ መስመር አለው፣ መኪናዎቹን የላከችልን ቻይና በፈረንጆቹ 2016 መጨረሻ በአምስት ከተሞች ጀምራ አሁን ሀገሯ ሁሉ አረንጓዴ ሰሌዳ ነው። እኛ ጋ አረንጓዴ የኮድ 3 ሆኖ የኖረ ስለሆነ ቀለሙን መቅዳት ግራ ያጋባል፣ ግን አንድ ፊደል ወይ አንድ ምልክት መጨመር ይቻላል። ለጌጥ አይደለም የምለው። አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ አንድ መኪና ተገልብጦ ሰው ውስጥ ተጣብቆ እሳት አደጋ ቢደርስ ብረቱን ከመቁረጡ በፊት ከስሩ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበት ባትሪ እንዳለ ማወቅ አለበት፣ ኬብሉ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ማጥፊያው የት እንዳለ። የሊቲየም ባትሪ እሳት ጠፋ ተብሎ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል፣ ብዙ ውሃም ይፈልጋል። በጨለማ የተጨማደደ መኪና ምን ዓይነት እንደሆነ ከቅርጹ አይለይም፣ ከሰሌዳው ግን ይለያል። አዳኙንም የሚድነውንም ሰው የሚያተርፍ ነገር ነው።

የዓመት ምርመራውም ቢሆን። ቦሎ ልናወጣ ስንሄድ ጭስ ይለካል፣ የኛ መኪና ጭስ ማውጫ የላትም። እሱ ይቀራል፣ ጥሩ፣ ግን በሱ ፋንታ ምን ይታያል? የቤንዚን መኪና ካርተሩ ድንጋይ ቢመታው ዘይት ያፈሳል፣ ሰው ያየዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ሆዷ ስር ተዘርግቶ ነው ያለው፣ በኛ መንገድ፣ በኛ ጉድጓድ፣ በኛ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ተመትቶ ቢሰነጠቅ ምንም አይፈስም፣ ሹፌሩ ሳያውቅ ክረምት ይገባል፣ ውሃ ይገባበታል። መርማሪዎቻችሁ የባትሪውን ስር እንዲያዩ፣ የኬብሎቹን ሽፋንና የኤሌክትሪክ መከላከያውን እንዲለኩ ስልጠናና መሳሪያ ስጧቸው። እጁን የሰበሰበው ያ ልጅ መማር የሚፈልግ ልጅ ነበር፣ ወንድሜን ቻርጅ እንዴት እንደምትደረግ፣ ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ ሲጠይቀው ነበር።

ደሞ ለምንድነው መረጃውን እኛ በእጃችን ተሸክመን የምናመላልሰው? ጉምሩክ ነጠላ መስኮት የሚባለውን ሲስተም በ2012 ጀምሯል፣ መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎትም በ2017 ተከፍቷል፣ ስራው እንደሚቻል ታይቷል። መኪናው ሲገባ ጉምሩክ የያዘው ሻንሲ፣ ሞተር፣ ባትሪ፣ ባለቤት ሁሉ በቀጥታ ወደ ምዝገባው ሲስተም ቢተላለፍ፣ መስኮት ላይ ያለው ልጅ የሚሰራው መኪናውን ከስክሪኑ ጋር ማመሳከር ብቻ ነው የሚሆነው። ፎቶኮፒ ቤቱ ይከስር ይሆናል፣ ሀገር ግን ያተርፋል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አድርጉ አልልም። ሰሌዳው ጥናት ይፈልጋል፣ ስልጠናው በጀት ይፈልጋል፣ አዋጁን መንካትም የራሱ ሂደት አለው። ሲስተሙ ላይ ግን የነዳጅ ዓይነት ኤሌክትሪክ ሲባል ሲሲና ሲሊንደር የሚሉት ሳጥኖች እንዲዘጉ ማድረግ የአንድ ፕሮግራመር ስራ ነው፣ ለሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ሰርኩላር መጻፍ ደሞ የአንድ ገጽ ስራ ነው። አሁን እኮ አንዱ ቅርንጫፍ ደብዳቤ አምጡ ይላል፣ ሌላው ኪሎዋቱን ሲሲ ቦታ ላይ ይጽፋል፣ ሌላው ዝም ብሎ 1 ብሎ ያሳልፋል። ወረፋ ላይ አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት፣ ጋሼ እያልኩ ስናወራ የዋልን፣ የቮልስዋገን አይዲ ፎር ሊብሬያቸውን አሳይተውኛል፣ ሲሲ 1፣ ሲሊንደር 1 ይላል። የመጡት ለማሳረም ነበር፣ ምክንያቱም መኪናውን ሊሸጡ ሲሉ የገዢው ባንክ ሊብሬው ከዴክላራሲዮኑ ጋር አይመሳከርም ብሎ መለሳቸው። ለማሳረም ደሞ እንደ አዲስ ምርመራ፣ እንደ አዲስ ክፍያ ተባሉ። ሰውየው ጡረተኛ ናቸው፣ እግራቸውን ያማቸዋል፣ 1 ብሎ የጻፈው እሳቸው አይደሉም።

ስለዚ ሰርኩላሩ ሲወጣ እስከዛሬ ሲስተሙ እንዲያልፍ ብቻ ተብሎ የተሳሳተ ቁጥር የተጻፈባቸውን ሊብሬዎች በነጻ፣ ያለ ድጋሚ ምርመራ፣ ባለው ዴክላራሲዮን ብቻ እንደሚታረሙ አብሮ ይጻፍበት። መልሳችሁን በማስታወቂያ ሰሌዳም ይሁን በቴሌግራም ገጻችሁ አውጡት፣ ብዙ ሰው እየጠበቀ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ተገልጋይ፣ አዲስ አበባ